ውኃውን ማን አስገባው

መስከረም 2

ራዲዮው ከጠዋት ጀምሮ «ቬልማ፣ ቬልማ» ይላል። ለማዕበል የአክስት ስም የሚያወጣው ሰው አክስቶቼን ሳያውቃቸው አይቀርም። የእኔዋ ቬልማም ሳትጠራ መጥታ፣ ቤቱን አተራምሳ፣ ማንንም ሳትሰናበት ነበር የምትሄደው። ይህን ለራሞና ብነግራት ሳቀች። ሳቋ ግን አጠረብኝ።

ራሞና የሟቹ ወንድሜ የአልተን ልጅ ናት። የትምህርት ቤቱ አብሳይ ነች። ባሏ ወደ ከተማ ከኮበለለ ወዲህ በአባቷ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ቤቱን የሠራነው አልተንና እኔ ነን። ዕድሜዬን በሙሉ ጀልባ ሠሪ ስለነበርኩ ቤትም ስሠራ እንደ ጀልባ ነው የምሠራው። ይህ ሙገሳ ይሁን ስድብ በመንደሩ እስካሁን አልተወሰነም።

«አጎቴ፣ ይኼ ቤት ከሄደ ሁለተኛ ቤት አይኖረኝም» አለችኝ ስንለያይ።

«የጎርፍ ኢንሹራንስ ትከፍዪ የለ?»

«እከፍላለሁ። ከምበላው ይልቅ ለእነሱ የምከፍለው ይበልጣል።»

«ለዚህ ነዋ የከሳሽው» አልኳት።

መስከረም 4

ሩጫ። መስኮት ቸንክረን ጨረስን። ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ የአልተን ፎቶግራፎች፣ ሁሉም ጣሪያው ሥር ወጡ። ማቀዝቀዣውን ክሌተስና እኔ ተሸክመን ጠረጴዛ ላይ ሰቀልነው። ክሌተስ «ወገቤን» አለ። «ወገብማ ድሮ ቀረ፤ አሁን ያለህ ማጠፊያ ነው» አልኩት። እሱም እንደ እኔ ጀልባ ሠሪ ነው። አንድ ቀን ሳልሰድበው ከዋልኩ የታመምኩ ይመስለዋል።

ራሞና ወደ መጠለያው ሄደች። እኔ ቤቷን ልጠብቅ ቀረሁ። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ዞሯል። የውኃውን በር ከፍቻለሁ።

መስከረም 6

ቤቱ ቆሟል። ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ይህ ይቅደም።

ውኃው ከሰዓት በኋላ መጣ። መጀመሪያ ጎመኑን ዋጠ፣ ቀጥሎ ደረጃውን፣ ከዚያ በወለሉ ክዳን በኩል እንደ ጨዋ እንግዳ ቀስ ብሎ ገባ። እኔ ወደ ጣሪያው በሚያወጣው መሰላል ላይ የበቆሎ ዳቦዬን ይዤ ተቀምጬ አየሁት። ወገብ ድረስ ሲሆን ቆመ። በመስኮቱ ስንጥቅ ሳይ ውጭውም እዚያው ልክ ላይ ነበር። ያኔ ነው ዳቦዬን የበላሁት።

እኛ መንደር ያለ አሮጌ ቤት ሁሉ ወለሉ ላይ ክዳን አለው። የውኃ በር እንለዋለን። ባሕሩ ሲመጣ ትከፍተዋለህ። ውኃው ከውጭ በሚነሣበት ልክ ከውስጥም ይነሣል፣ ይከብዳል፣ ቤቱን ከምሰሶው አይነቅለውም። አልከፍትም ያለ ሰው ቤቱ ይንሳፈፋል። አባቴ ክዳን ባልነበረበት ዘመን ወለሉን በመጥረቢያ ሲበሳው እናቴ አልቅሳ ነበር ይባላል። በማግስቱ ግን ቤት የነበራት እሷ ነበረች፣ ያላለቀሱት ጎረቤቶች እሷ ዘንድ አደሩ።

ሚስተር ሀልስተን ጡረታ ወጥቶ ከከተማ የመጣ ጎረቤታችን ነው። የድሮ ቤት ገዝቶ ሲያድስ የውኃ በሩን አስደፍኖ ወለሉን ሸክላ አለበሰው። «ተው» ስለው «ወለሌን በስቼ ልኑር?» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅኩበት፤ ተሳስቀን ተለያየን። ቬልማ ቤቱን ከነመጋረጃው አንሥታ ወሰደችው። አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት መንገዱን ዘግቶ እንደ ላም ተኝቷል። ሰውየው ያን ቀን ከተማ ነበር፣ እግዜር ይመስገን።

ራሞና በቦቲ ጫማ፣ መጥረጊያ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ደረሰች። ደረጃው ላይ ቆማ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አየች። «ቆሟል» አለች። ከዚያ አቀፈችኝ፤ የጭቃውን ግማሽ ወሰደችልኝ።

ከጎርፍ በኋላ ሥራው አንድ ነው፤ ጭቃው ሳይደርቅ በንጹሕ ውኃ ማጠብ። እጅጌዋን ሰብስባ ልትጀምር ስትል መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ ልደውል አለች። የኢንሹራንሱ ሴትዮ «ጉዳት ገማቹ መጥቶ እስኪያይ ምንም እንዳትነኩ፤ ከነካችሁ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው» አለቻት።

«መቼ ይመጣል?»

«ተራው ሲደርስ።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈን ወጣን።

መስከረም 13

ተራው አልደረሰም። ጭቃው ሸክላ ሆኗል። ግድግዳው የሻጋታ ጢም አብቅሏል፣ መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ አሁን አረንጓዴ። ውኃው ያላበላሸውን ጥበቃው አበላሸው። በአባቴ ጊዜ ይኼኔ ቤቱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እራት ተበልቶበት ነበር።

ራሞና እኔ ጋ ናት፤ ቤቴ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውኃው አልደረሰበትም። አብሳይነቷ አይለቃትምና ለሁለታችን ለአንድ ትምህርት ቤት የሚበቃ ትሠራለች። ክሌተስ በየቀኑ «ደኅና አደራችሁ ልላችሁ ነው» ብሎ ሳህን ይዞ ይመጣል።

መስከረም 19

ገማቹ ዛሬ መጣ። ፕሬስኮት ይባላል። ወጣት ነው፣ ጫማው ንጹሕ ነው፣ በአገሩ ከስንዴ በቀር ምንም የለም። ባሕር ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ራሞና ሥራ ላይ ስለነበረች ያስጎበኘሁት እኔ ነኝ። በየቤቱ ሰው ሲያለቅስበት ሰንብቶ ፊቱ ጠቁሯል። አሳዘነኝና አጫወትኩት።

«ውኃው በየት ነው የገባው?» አለኝ።

«በበር ነዋ።»

«በየትኛው በር?»

ክዳኑን አንሥቼ አሳየሁት። «በዚህ። እኔ ራሴ ነኝ የከፈትኩለት። ግባ፣ እግርህን ጥረግ፣ ሶፋው ላይ እንዳትቀመጥ አልኩት።»

«እርስዎ ራስዎ ከፈቱለት?»

«ታዲያ ማን ይክፈትለት? እንግዳ ተቀባዮች ነን እኮ።»

ከት ብሎ ሳቀ። እየሳቀ ጻፈ። ጥሩ ልጅ ነው። ሸርጣን ቀቅዬ አበላሁት፤ በእጅ መፈልፈል ስለማያውቅ በሹካ ይወጋው ነበር። ይህን ለክሌተስ ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ማታ ራሞና «እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«ተግባባን» አልኳት።

መስከረም 20

ቤቱን ማጠብ ጀመርን። በመዶሻና በመሮ።

ጥቅምት 8

አይከፍሉም።

ራሞና ከሥራ ስትወጣ ነው የደወሉላት። ጉዳቱ የደረሰው በቤተሰቡ አባል እጅ፣ ሆን ተብሎ ነው አሉ። ጎርፍ ሳይሆን «የተጋበዘ ውኃ» ሆነ ማለት ነው። ወንበር አልሳበችም፣ ኮቷን አላወለቀችም፤ ወጥ ቤቴ መሐል ቆማ ነገረችኝ።

«ሶፋው ላይ እንዳትቀመጥ አልከው?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ውኃውን። ሴትዮዋ በስልክ አነበበችልኝ። እግርህን ጥረግ፣ እንግዳ ተቀባዮች ነን። ሁሉንም አነበበችልኝ።»

«ልጁን ላጫውተው ብዬ ነው።»

«አጎቴ፣ አንድ ሰው ሳታጫውት ብትሸኝ ምን ነበረበት?»

ወደ ፎቅ ወጣች።

እኔን ግን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ውኃው አውራጃውን ሁሉ ወገቡ ድረስ ነክሮታል። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ በፖስታ ቤቱ ግድግዳ፣ በመቃብሩ አጥር ላይ ምልክቱ ይታያል። ያን ሁሉ ውኃ እኔ በአንዲት ክዳን ቀዳዳ ጠራሁት? ክዳኑን ባልከፍት ኖሮ ቤቱ አሁን የሀልስተንን ቤት ተደግፎ መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ያኔ ሙሉ ዋጋውን በደስታ ይከፍሉ ነበር። ቤቱን ስላዳንኩላቸው ነው የተቀየሙኝ። ከእንጨት ጋር ዕድሜ ልኬን ኖሬ እንዲህ ያለ ደደብ ነገር አላጋጠመኝም።

ደግሞስ ቀልድ ለይቶ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ እስክሪብቶ ይይዛል?

ጥቅምት 9

ራሞና ዛሬ ብዙ አልተናገረችም። ጉሮሮዋን ሳያማት አይቀርም።

ጥቅምት 11

ዛሬም ጉሮሮዋ። ሾርባ ሠራሁላት። ጠጣች፣ አመሰገነች፣ ወጣች። ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው የምታበስለው አሁን። ክሌተስ ባዶ ሳህኑን ይዞ ተመለሰ።

ጥቅምት 16

ሀልስተን ተከፈለው። ሙሉውን። የፖም ኬክ ይዞ መጣ፣ አፍሮ። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ፤ ደግ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ራሞናን ለብቻዋ አነጋገራት። ከበሩ ጀርባ ነበርኩ፣ መስማቴን አልክድም። «ልሸጥ ካልሽ በመጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፤ አላጭበረብርሽም። ቤቱ ይፈርሳል፣ መሬቱን ብቻ ነው የምፈልገው» አላት።

«አስብበታለሁ» አለችው።

አስብበታለሁ። እናቷም አልተንን ያገባችው እንዲሁ ብላ ነው። በቤተሰባችን «አስብበታለሁ» ማለት «እሺ» ማለት ነው።

ኬኩ ጥሩ ነበር። በላሁት። ይህም አናደደኝ።

ጥቅምት 21

ወደ አውራጃው ከተማ ሄድኩ። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያስተማረኝ ቤተ መጻሕፍቱ ነውና ጠዋቱን እዚያ ተቀምጬ የግንባታ ደንቡን አነበብኩ። አዲስ ቤት በጎርፍ ቀጠና የሚሠራ ሰው ከመሬቱ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ውኃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ካላበጀ ፈቃድ አያገኝም ይላል። ለምን? ውኃው እንዳይገፋው። አባቴ በመጥረቢያ የጻፈውን እነሱ በወረቀት ጻፉት። የእነሱ ቀዳዳ ደንብ ሆነ፣ የእኛ ቀዳዳ ወንጀል።

ገጹን ይዤ ኢንሹራንሱን ወደሸጠችልን ወደ ቪቪያን ቢሮ ገባሁ። በጨዋነት አነበበች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«ዴልማስ፣ ይኼ ስለ ግድግዳ ነው። ያንተ ወለል ነው።»

«ውኃው ልዩነቱን ያውቃል?»

«ውኃው አይከፍልም፣ ኩባንያው ነው የሚከፍለው» አለች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋች። «ይግባኝ ትችላላችሁ። በኅዳር ሰሚዎች ይመጣሉ። እኔ ምንም አላልኩህም። ግን ያ ክዳን አሮጌ ነው አይደል?»

«አርባ ዓመት።»

«እንጨት በአርባ ዓመት ይበሰብሳል። የበሰበሰ ክዳን ደግሞ ማንም ሳይከፍተው ውኃ ይሰብረዋል።»

«እኔ የሠራሁት አይበሰብስም።»

«እንዳልኩህ ነው» አለችኝ። «እኔ ምንም አላልኩህም።»

ጥቅምት 24

ለክሌተስ ነገርኩት። ጀልባው ሥር ተንጋሎ እየቀባ ነበር።

«በዚህ አውራጃ አንደኛው ውሸታም አንተ ነህ» አለኝ። «ዓሣ ነባሪ ደረጃዬ ላይ ተቀምጦ አየሁ ያልከው አንተ ነህ። ለሰባኪው ሚስት የረግረግ ትንኝ ትታለባለች ያልካት አንተ ነህ። አሁን አንዲት ውሸት ብትጨመር ምን ይሆናል?»

«እነዚያን ማንም አያምናቸውም።»

ብሩሹን አቆመ። «እሱስ ልክ ነህ» አለ።

ኅዳር 4

ክዳኑን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ለመሰንጠቅ ብዙ ታገልኩ። ደረቅ ዝግባ ሲነድ ሽታው ጥሩ ነው፤ ቤቱን ሞላው። ራሞና ሽታውን ተከትላ ወረደችና ምድጃው አጠገብ ቆመች። እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። ጉሮሮዋ ነው።

ኅዳር 5

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ይግባኝ ሰሚዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ከመንደሩ ያልመጣ የለም፤ የማወራውን ሊሰሙ ነው፣ መሳቅ ለምደዋል። ክሌተስ ከኋላ።

«ሚስተር ዴልማስ፣ ክዳኑን ራሴ ከፈትኩት ብለዋል?» አለኝ መሐለኛው።

«ብያለሁ።»

«እውነት ነው?»

በወረቀት የገለበጥኩት የደንቡ ገጽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስለ አባቴ መጥረቢያም የምለውን ሳምንት ሙሉ ተለማምጄ ነበር። ራሞና ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን ታይ ነበር። በመዶሻና በመሮ የቆሰሉ ናቸው።

«ቀልዴን ነበር» አልኩ። «ክዳኑ በስብሶ ነበር። ውኃው ነው የሰበረው።»

«የሠራው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ከምን?»

«ካገኘሁት። ርካሽ እንጨት ነው።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«የበሰበሰ ነገር ማን ያስቀምጣል?»

ጻፉ። ማንም አልሳቀም። አዳራሹ ሙሉ ሰው፣ ግማሹ እኔ በሠራሁት ጀልባ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ሱቁ ውስጥ አንዱ «ዴልማስ፣ የኔም ጀልባ ካገኘኸው ነው እንዴ?» አለኝ። «ያንተማ ከማገዶ ነው፤ ጫፍ ጫፉን ተቃጥሎ አላየህም?» አልኩት። ያኔ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ክሌተስ ግን የእኔን ሒሳብ ከፈለና ወጣ። ካወቅኩት ጀምሮ የእኔን ሒሳብ ከፍሎ አያውቅም።

ጀልባዎቼ ዛሬም ባሕር ላይ ናቸው። ሄደው ይዩአቸው።

ኅዳር 20

ከፈሉ። የግድግዳውን፣ የወለሉን፣ የማቀዝቀዣውን ሳይቀር፤ ማቀዝቀዣው ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሎ አንድ ጠብታ እንኳ አልነካውም ነበር። ያንን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም መቀለድ ትቻለሁ።

ራሞና ለሀልስተን «አልሸጥም» ብላ ነገረችው። እሱም እንኳን ደስ አለሽ አላት፤ ከልቡ ይመስለኛል፣ እግዜር ይግደለኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። ውሉ የሚታደሰው የወለሉ ቀዳዳ ለዘለቄታው ተደፍኖ ባለሙያ ካየው በኋላ ነው።

ኅዳር 26

ደፈንኩት። ወፍራም ኮምፔርሳቶ፣ ብሎን በየጣቱ ርቀት፣ ዙሪያውን የጀልባ ማጣበቂያ። ከእኔ የተሻለ የሚደፍነው ስለሌለ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀድኩም።

ባለሙያዋ መጣች፣ በተረከዟ መታ መታ አድርጋ ፎቶ አነሣች። «አሁን ውኃ አይገባም» አለች።

«አይገባም» አልኳት። «ባሕሩ ሲመጣ ውኃው ውጭ ይቀራል፣ ቤቱ ነው የሚሄደው።»

ፈገግ አለች። «አጎትሽ ቀልደኛ ናቸው» አለቻት ራሞናን።

«አሁንስ አልቀለደም» አለች ራሞና።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስለ እኔ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ሴትዮዋ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች።

ታኅሣሥ 4

ከዓሣ መቀበያው ጓሮ ሁለት አሮጌ መልሕቆች አገኘሁ። የትልልቅ መርከብ ናቸው፤ ክሌተስ በመኪናው ራሞና በር ድረስ አመጣልኝና «አልጠይቅህም» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ሰንሰለቱን እየጎተትኩ ግቢው ውስጥ ስገባ ራሞና ደረጃው ላይ ወጣች። ወደ ቤቷ ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መልሕቅ።»

«ለምን?»

የምመልሰው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ጥሩም ነበር። ዋጥኩት።

«ቤትሽን ጀልባ አድርገውታል» አልኳት። «ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ። ጀልባ ደግሞ ያለ መልሕቅ አይተውም። በምሥራቅ በኩል ሁለቱን በጥልቀት ቀብሬ ወለሉን ከተሸከመው እንጨት ጋር አስራቸዋለሁ። ይያዝ አይያዝ አላውቅም። ከዚህ በፊት ለቤት አስሬ አላውቅም።»

«ደንቡ ይፈቅዳል?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

እኔን አየችኝ፣ ባሕሩን አየችው። ከዚያ ሽርጧን አውልቃ ደረጃው ላይ ሰቀለችና ወርዳ የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ አነሣች።

«ይከብዳል፣ አጎቴ» አለች።

«ካልከበደ ምን ያደርግልናል» አልኳት።

እስኪመሽ ቆፈርን።